ገበያው የሚጀምረው ባቡሩ ከቆመበት ነው

ቤት የሚያከራይ ደላላ ደንበኛውን የሚያግባባባቸው ቃላት ብዙ አይደሉም። ውሃ አይጠፋም፣ ቆጣሪው የግል ነው፣ ግቢው ሰላም ነው ካለ በኋላ የመጨረሻ ካርታውን ይመዛል፤ “ታክሲ በሩ ድረስ ይመጣል” ይላል። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር በወር ኪራይ ላይ ስንት ብር እንደምትጨምር ከደላላው በላይ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ከአስፋልት ገባ ያለ ከሆነ ግን ቃሉ ይለወጣል፤ “ትንሽ በእግር ያስኬዳል፣ ባጃጅም አለ” ይባላል። ተከራዩም ወዲያውኑ ዋጋ ቀንስ ማለት ይጀምራል።

ከዚህ የደላላ ቋንቋ የከተማው ፕላን አውጪዎች ብዙ ሊማሩ ይችላሉ። ገበያው የከተማን ትራንስፖርት የሚለካው በባቡር ሐዲዱ ርዝመት ወይም በተገዙት አውቶቡሶች ብዛት አይደለም። የሚለካው ሰው ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ዋናው ትራንስፖርት ዘንድ እስኪደርስ፣ ወርዶም ሥራው ቦታ እስኪገባ ባለው መንገድ ነው። አዲስ አበባ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰችው በመካከለኛው መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ግን ለዕድል ተትቷል። የዚህ ዕዳ ደግሞ በመጨረሻ የሚወራረደው በነጋዴው መዝገብ ላይ ነው።

ባቡሩ ደረሰ፣ ሰውየው አልደረሰም

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወስደው መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላ ተከተለው። ለሥራው የወጣው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከ34 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐዲድ፣ 39 ጣቢያዎችና 41 ባቡሮች ለከተማው ተሰጡ። የመነሻው ታሪፍ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ስለነበር ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው።

ዳሩ ግን ጣቢያዎቹ ሲሠሩ አንድ ጥያቄ በሚገባ ሳይመለስ ቀረ። ተሳፋሪው ወደ ጣቢያው የሚመጣው በምንድን ነው? ወርዶስ የሚሄደው በምን? ሐዲዱ በብዙ ቦታ ያለፈው በሰፊ መንገድ መሐል ታጥሮ ነው። መሻገሪያው የሚገኘው በተወሰነ ቦታ ብቻ በመሆኑ፣ ሱቁ ከጣቢያው ፊት ለፊት የሆነ ሰው እንኳ ደንበኛው ዞሮ እንዲመጣ መጠበቅ ግድ ሆነበት። የሚኒባስ ተራዎች በአብዛኛው በነበሩበት ቦታ ቀሩ። ባቡሩና ታክሲው በአንድ ከተማ እየሠሩ እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ሆኑ።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተሠሩባቸውን ቦታዎች ማየት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተማው በኮንዶሚኒየም ወደ ዳር ተስፋፋ። የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ከአያት ጣቢያ ወዲያ ናቸው። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከቃሊቲ ወዲያ ናቸው። ዓለም ባንክና ቤቴል ከጦር ኃይሎች ወዲያ ናቸው። ጀሞን ደግሞ ሐዲዱ ጭራሹን አልነካውም። ሐዲዱ ያለቀበት ቦታ የብዙው ሰው ጉዞ ገና የሚጀመርበት ቦታ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። መለዋወጫ እየጠፋ ባቡሮች አንድ በአንድ ቆሙ፤ ከ41ዱ ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ የሠሩበት ጊዜም መጣ። የመለዋወጫው ችግር እውነት ነው፤ ብዙ ተጽፎበታል። ነገር ግን ሁሉም 41 ባቡሮች በደህና ቢሠሩ እንኳ ከቦሌ አራብሳ ብሎክ ደረጃ የወረደችው ሠራተኛ አያት ጣቢያ እስክትደርስ ያለው ችግር እንደ ነበረ ይኖር ነበር። ከተማው ወደፊት ሐዲዱን ቢጠግንም፣ በፈጣን አውቶቡስ ቢተካም ያው ጥያቄ ይከተለዋል።

ክፍተቱን የሞላው ማን ነው?

ገበያ ክፍተት አይወድም። የባቡሩና የአውቶቡሱ እጅ ያልደረሰበትን መንገድ ባጃጅ፣ ሚኒባስና ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞሉት። ከሁሉም በላይ ግን የሞላው የሰው እግር ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ ነው። ሰዉ በእግሩ የሚሄደው ለጤናው ብሎ ሳይሆን ወይ የሚሳፈርበት ስለሌለ፣ ወይ የሚከፍለው ስለሌለ ነው።

ሚኒባሱ ታፔላ ተሰጥቶታል፤ ከዚህ ተነስተህ እዚህ ድረስ ትሠራለህ ተብሏል። ሆኖም ማታ ሰልፉ ሲረዝም መስመሩን አቆራርጦ የሚጭነው ብዙ ነው። ተሳፋሪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የመጨረሻዋ ቁራጭ መንገድ ትርፍ ስለማታመጣ ሾፌሩ ወደ ውስጥ መግባት አይፈልግም። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ለጎማ አይመችም፣ ሲመለስም ባዶውን ነው። ሰውየውን በዚህ ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ማንኛውም ነጋዴ ከሚያከስረው ደንበኛ ይሸሻል።

ባጃጁ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና አዳማ በባጃጅ እንደሚንቀሳቀሱ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ግን ባጃጅ እንደ ልጅም እንደ ባዕድም ሆኖ ነው የኖረው። ከአስፋልት ወደ ሰፈር የሚገባውን ሕዝብ ተሸክሞ ሳለ፣ ሕጋዊ ቦታው የት እንደሆነ በቅጡ አልተለየለትም። በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማው የባጃጅ አገልግሎትን ባገደ ጊዜ የታየው ለሁሉም ትምህርት ነበር። በዳር ሰፈሮች ሠራተኛው በእግሩ ረጅም መንገድ ተጓዘ፣ የታክሲ ሰልፉም ረዘመ። ኋላም ባጃጆቹ በአዲስ አሠራር እንዲመለሱ ተደረገ።

የከተማው አስተዳደር ያነሳቸው ምክንያቶች ባዶ አልነበሩም። ሥርዓት የሌለው አነዳድ፣ ያልተመዘገበ ተሽከርካሪ፣ በዋና መንገድ ላይ የሚፈጠር መጨናነቅ ሁሉም እውነት ናቸው። ስህተቱ ያለው ባጃጁን እንደ ጥፋት ብቻ በማየት ላይ ነው። ባጃጅ ዋናው ትራንስፖርት ያላደረሰውን ሰው የሚያደርስ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ታግዶ ፍላጎቱ የሚቀር ከሆነ ዋጋው ይወደዳል እንጂ ጉዞው አይቀርም።

አሁንም ቢሆን ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚሰማው ንግግር ያው ነው። “ማዘር፣ በዚህ ሰዓት ኮንትራት ብቻ ነው” ይላል ወጣቱ። “ልጄ፣ ጠዋት በስንት ነበር ያመጣኸኝ?” ይላሉ እናት። ጠዋት የነበረው ሂሳብ ማታ የለም። ያን ጊዜ የሚታየው በግልጽ ታሪፍ የሚሠራ የትራንስፖርት አገልግሎት ሳይሆን የጨለማ ድርድር ነው።

ሂሳቡ የሚመጣው ለማን ነው?

አንዳንድ ባለሀብቶች ይህን ሁሉ የመንግሥትና የተሳፋሪው ጉዳይ አድርገው ያዩታል። እስቲ አንድ መነሻ ስሌት ይታይ። አንዲት የሱቅ ሠራተኛ ጠዋት ከቤቷ እስከ ዋናው መንገድ፣ ማታም ከዋናው መንገድ እስከ ቤቷ ለባጃጅ 15፣ 15 ብር ብታወጣ በቀን 30 ብር ነው። በወር 26 ቀን ብትሠራ 780 ብር ይሆናል። ይህ ከዋናው መጓጓዣ ሂሳብ ውጭ ነው። በመጠበቅና በሰልፍ ደግሞ ጠዋት 25፣ ማታ 25 ደቂቃ ቢጠፋባት በወር 1,300 ደቂቃ፣ ማለትም 21 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በቀን 8 ሰዓት ከተሠራ ይህ ከሁለት ቀን ተኩል በላይ የሥራ ጊዜ ነው።

እንዲህ ያሉ 20 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ካለ፣ በየወሩ ከ430 ሰዓት በላይ በመንገድ ዳር ይቀራል። ከፊሉ ከሠራተኛዋ እንቅልፍና ከልጆቿ ጊዜ ላይ የሚቀነስ ነው። ከፊሉ ግን ዘግይቶ በሚከፈት ሱቅ፣ “ታክሲ አላገኝም” ተብሎ ቶሎ በሚዘጋ መጋዘን፣ ሥራ ለምዳ ሳለች ሰፈሯ አጠገብ ሌላ ሥራ አግኝታ በምትለቅ ሠራተኛ መልክ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ደመወዝ ጨምሩ የሚለው ጥያቄ ሲመጣም ከጀርባው ያለው ብዙ ጊዜ ይኸው የመንገድ ወጪ ነው።

በደንበኛ በኩልም ያው ነው። በመርካቶና በሜክሲኮ መካከል ላለ ነጋዴ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለው ገበያ የሞተ ነው። ገዢ ጠፍቶ አይደለም። ገዢው የሚያስበው የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን የመጨረሻዋን ባጃጅ ስለሆነ ነው። በዳር ሰፈር ኮንዶሚኒየም ሥር በጨረታ የተገዙት የንግድ ቤቶችም ዕድላቸው የሚለያየው በዚህ ነው። የታክሲው ማውረጃ ፊት ለፊት የሆነው ሱቅ ዳቦውንም፣ የስልክ ካርዱንም፣ አትክልቱንም ይሸጣል። ሁለት ብሎክ ወደ ውስጥ የገባው ለዓመታት “የሚከራይ” ተብሎ ተለጥፎበት ይኖራል። ሰው የሚወርድበትን ቦታ የሚወስን ባለሥልጣን፣ ሳያውቀው የማን ሱቅ እንደሚሸጥ ይወስናል።

ይህ ለባለሀብቱ አንድ ነገር ይነግረዋል። ቦታ ሲገዛ፣ ሕንፃ ሲያቆም፣ ሱቅ ሲከራይ ካርታና ፕላን ማየት ብቻ አይበቃም። የባጃጅ ማቆሚያው ዛሬ ያለው በፈቃድ ነው ወይስ በትዕግሥት? ነገ በአንድ ደብዳቤ ቢነሳ የዚያ ቦታ ዋጋ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የገባ ሰው ከገዛው ንብረት ግማሹን የገዛው በአሸዋ ላይ ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2000 ፈጣን አውቶቡስ ስትጀምር፣ ዋናውን መስመር ብቻ ዘርግታ አልተወችም። በመስመሩ ጫፎች ትልልቅ ተርሚናሎች ሠርታ፣ ወደ ዳር ሰፈሮች የሚገቡ መጋቢ አውቶቡሶችን አገናኘች። የመጋቢው ሂሳብ በዋናው ቲኬት ውስጥ የተካተተ ስለነበር ሰዉ ለመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ለየብቻ አልተደራደረም። ቦጎታም ከመጨናነቅና ከተሳፋሪ ምሬት አልዳነችም። ሆኖም ጣቢያና ሰፈር በአንድ ዕቅድ ሊያያዙ እንደሚችሉ አሳይታለች።

ለባለሀብቱ ይበልጥ የሚጥመው የሆንግ ኮንግ ምሳሌ ነው። እዚያ የባቡሩ ድርጅት በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ የመገንባት መብት ያገኛል። ከገንቢ ኩባንያዎች ጋር ተሻርኮ ሕንፃ ያቆማል፣ ከትርፉም ይካፈላል። ባቡሩ በመምጣቱ የጨመረው የመሬት ዋጋ በከፊል ወደ ባቡሩ ይመለሳል ማለት ነው። ሰዉም ከባቡር ሲወርድ ሱቅና መኖሪያ ውስጥ ይገባል እንጂ አጥር ላይ አይወጣም። የሆንግ ኮንግ የሕዝብ ብዛትና ገቢ ከአዲስ አበባ ጋር እንደማይወዳደር የታወቀ ነው። አሠራሩ ግን ሊታሰብበት ይገባል። እዚህ ያለው አንድ ምቹ ነገር ደግሞ መሬቱ የመንግሥት መሆኑ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታ የሚያስተላልፈው ከተማው ራሱ ስለሆነ፣ በጣቢያ አካባቢ የሚወጣን ቦታ ከመጋቢ ትራንስፖርት ግዴታ ጋር አያይዞ ለማውጣት የሚከለክለው ነገር ያለ አይመስልም።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

አንደኛ፣ ባጃጅም ሆነ ሌላ ትንሽ ተሽከርካሪ ቁርጥ ያለ ሥራ ይሰጠው። ዋናውን መንገድ ለአውቶቡስና ለባቡር ይልቀቅ፤ ከጣቢያና ከአውቶቡስ ማቆሚያ ወደ ሰፈር የሚገባው መስመር ደግሞ የእሱ ይሁን። የታወቀ ማቆሚያ፣ የተለጠፈ ታሪፍ፣ የተመዘገበ ማኅበር ይኑረው። የማታው ታሪፍ ከጠዋቱ ቢበልጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ታሪፉ ካልከፈለ ግን ሠሪ አይገኝም። ሾፌሩ የማያተርፍበትን ዋጋ በወረቀት መለጠፍ ሰልፍ ከማስረዘም ሌላ ጥቅም የለውም።

ሁለተኛ፣ ትኬቱ አንድ ይሁን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እየተሸጠ ነው። በየሱቁ በቴሌብር መክፈል ተለምዷል። አንድ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጋቢ ትራንስፖርት ሲይዝ ቅናሽ የሚያገኝበት አሠራር ከዚህ የራቀ አይደለም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ተለይቶ እንዲሰጥ የተደረገበት ልምድም አለ። ድጎማ የሚሰጥ ከሆነ ቅድሚያ የሚገባው ሾፌር ለሚሸሸው ለመጨረሻው ኪሎ ሜትር ነው።

ሦስተኛ፣ እግረኛው አይረሳ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ታይቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ሰው የሚጀምረው ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ከሰፈር እስከ ጣቢያ ያለው 800 ሜትር ጭቃና ጨለማ ከሆነ፣ የአስፋልቱ ዳር ማማር ሙሉ ጥቅም አይሰጥም። አንድ የመንገድ መብራትና የተሸፈነ ቦይ ለአንዲት ሴት ሠራተኛ ከአንድ ባጃጅ ሂሳብ ሊያድናት ይችላል።

አራተኛውና ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ምናልባት የማይጥመው፣ የሚጠቀም ይክፈል የሚለው ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ጣቢያ ወይም ማቆሚያ በመምጣቱ የንብረቱ ዋጋ ያደገለት ሰው ከዕድገቱ ጥቂቱን ቢመልስ ፍትሐዊ ነው። ከዚያ በፊት ግን ነጋዴው አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አለው። ከአካባቢው የተሰበሰበው ገንዘብ ለዚያው አካባቢ ማቆሚያ፣ መብራትና መጋቢ መስመር መዋሉ በግልጽ ይታይ። ይህ ካልሆነ ግብሩ እንደ ቅጣት ይታያል፤ ሰዉም የንብረቱን ዋጋ መደበቅ ይጀምራል።

ነጋዴው ደግሞ መንግሥትን ብቻ መጠበቅ የለበትም። የአንድ ሕንፃ ተከራዮች ወይም የአንድ ሰፈር ሱቆች ተሰባስበው ከባጃጅ ማኅበር ጋር ውል ቢይዙ፣ ከጣቢያ እስከ ገበያቸው ጠዋትና ማታ በተወሰነ ሰዓት የሚመላለስ አገልግሎት ማግኘት ይችላሉ። ወጪው ለአንድ ማስታወቂያ ከሚወጣው ላይበልጥ ይችላል። ደንበኛን በር ድረስ ከማምጣት የበለጠ ማስታወቂያ ደግሞ የለም። ሕንፃ የሚሠራውም ከመኪና ማቆሚያው ምድር ቤት ላይ ትንሽ ቆርሶ ለማውረጃ ቢተው፣ ቦታው ከሰረበት ይልቅ ያተረፈበት ይሆናል።

ገበያው ይሥራው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ገበያው ሠርቶታል፤ ባጃጁ ያለ ማንም ጥናት ሰፈር ገብቷል። ነገር ግን ቦታውና ታሪፉ ያልታወቀ፣ ነገ መታገዱን ዛሬ የማያውቅ ሰው ለአዲስ ተሽከርካሪ አይበደርም፣ አሮጌውን እስኪወድቅ ይነዳዋል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ብዙ ይወራል። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ለአጭር የሰፈር መስመር የተመቸ ነው። ባንክ ለዚያ የሚያበድረው ግን መስመሩ የሾፌሩ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ሲያይ ነው። ሥርዓት ማለት የገበያ ጠላት ሳይሆን የብድር መያዣ መሆኑ እዚህ ላይ ነው።

አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማው ትንሽ ነበር፤ ከፌርማታ የወረደ ሰው ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ዛሬ ከተማው አድጎ ፌርማታው በነበረበት ቀርቷል። ደላላው ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ በየቀኑ ዋጋ ሲቆርጥበት ይውላል። የቀረው ፕላን አውጪውና ባለሀብቱ ከደላላው ጋር አንድ ቋንቋ መናገራቸው ነው። ትራንስፖርት አለ ማለት የሚቻለው “ታክሲ በሩ ድረስ ይመጣል” የሚለው ቃል የደላላ ማግባቢያ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ሲሆን ነው።